በአራት እንቅስቃሴ ላለመሸነፍ

ዛሬ የምናወራው ስለ ቼዝ ነው። “ቼዝ የቀለሜዎች ጨዋታ ነው” ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በተለይ ለጀማሪዎች ነው። ማለትም የእያንዳንዱን ጠጠር አካሄድ ለምታውቁ፣ ግን ገና ወንበሩ ሳይሞቅ “ቼክ ሜት!” ተብላችሁ ለምትነሡ።

እኔ በአዊ ዞን፣ እንጅባራና ዳንግላ ላይ ከወጣቶች ጋር የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ስለሆነ ልጆች ሲጫወቱ ከሰሌዳው ይልቅ ሰዎቹን የማየት ልማድ አለኝ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቼዝ ታሪካቸው ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ወይም ሁለት ልጅ ከስልክ ቪዲዮ ላይ “በአራት እንቅስቃሴ ማሸነፊያ” ይማራል። ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ ያጭደዋል! የተሸነፈው ሌላ ተሸናፊ ይጠራል፣ ያም ይታጨዳል። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው አጠገብ የሚቀሩት እነዚያው ሁለት ልጆች ብቻ ይሆናሉ።

የሚሄዱት እነማን ናቸው? ብዙውን ጊዜ ሴቶች፣ እንዲሁም ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዳንግላ ላይ በአንድ ከሰዓት ሰባት ጊዜ ተሸነፈች። ሰባቱም ጊዜ ያሸነፋት ያው አንድ ልጅ ነው፤ ዘዴውም ያው አንድ ዘዴ ነው። ጠጠሮቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሰች “ቲቸር፣ ይሄ የከተማ ልጅ ጨዋታ ነው” አለችኝ። ይቺ ልጅ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ የምትሄድ ናት። ታዲያ አንድ የስልክ ቪዲዮ “ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም” ብሎ ሲያሳምናት ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። የዛሬውን ትምህርት ያዘጋጀሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻውን እንወቅ

ሰሌዳው ላይ ያሉት 64 ቤቶች አድራሻ አላቸው። ከነጭ በኩል ሆናችሁ ስታዩ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላለን። ከነጭ ወደ ጥቁር ደግሞ ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። የነጭ ንጉሥ ኢ1 ላይ፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ይነሣሉ። ጠጠሮቹን ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ሩክ፣ ጳጳስ፣ ፈረስ፣ ወታደር እያልን እንጠራቸዋለን። የምታነቡትን ሰሌዳ ላይ እየሠራችሁ ብትከተሉ ይሻላል፤ በባዶው ካነበባችሁት ራሳችሁን ያዞራችኋል። ሰሌዳ ከሌላችሁ ካርቶን ላይ አስምሩ፤ ቆርኪ ገልብጡና በውስጡ “ን”፣ “ፈ”፣ “ጳ” እያላችሁ ጻፉበት።

ኤፍ7 የምትባለውን ቤት አስምሩባት። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ይህችን ቤት የሚጠብቃት ንጉሡ ብቻ ነው። ፈረስም፣ ጳጳስም፣ ንግሥትም አይደርሱላትም። ለነጭ ደግሞ ኤፍ2 እንደዚያው ናት። ለጀማሪ ከሚዘረጉት ወጥመዶች አብዛኛዎቹ የሚያነጣጥሩት እዚህች ቤት ላይ ነው።

ያቺ የታወቀችው ባለ አራቷ

ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ኢ5 ያወጣሉ። ከዚያ ነጭ ንግሥቱን አስፈንጥሮ ኤች5 ላይ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ጀማሪ ይደነግጣል። አንዳንዱ “ላባርራት” ብሎ ወዲያው ወታደሩን ወደ ጂ6 ይገፋል። ይሄ ጉድ ያመጣል! ንግሥቲቱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ንጉሡን ቼክ ትላለች፤ በዚያው መስመር ደግሞ ኤች8 ያለውን ሩክ ትይዛለች። ሩኩ ተበላ ማለት ነው።

ትክክለኛው መልስ ፈረስን ወደ ሲ6 ማውጣት ነው። በዚህ ፈረስ ኢ5 ያለው ወታደር ጠባቂ አገኘ። ነጭ በሦስተኛው ጳጳሱን ወደ ሲ4 ያመጣል። አሁን ንግሥትና ጳጳስ ሁለቱም ኤፍ7ን እያዩ ነው፤ በአራተኛው ቼክ ሜት ሊመጣ ነው። ዳንግላ ያለችው ልጃችን ሰባቱንም ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ሌላውን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ታወጣ ነበር። አሳቧ ንግሥቲቱን ማስፈራራት ነው፤ ንግሥቲቱ ግን መፈራት ትታ ኤፍ7ን በልታ ጨዋታውን ትጨርሳለች።

ጂ6 የምትገፋው አሁን ነው! መጀመሪያ ሩክ ያስበላ የነበረው እንቅስቃሴ አሁን ያድናል፤ ምክንያቱም ኢ5 ጠባቂ አግኝቷል። ንግሥቲቱ ወደ ኤፍ3 ትሸሻለች፤ ከዚያ ሆና እንደገና ኤፍ7ን ታያለች። ጥቁር ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ያወጣል፤ መንገዱ ተዘጋ። እስቲ አሁን ሰሌዳውን እዩት። ጥቁር ሁለት ፈረስ አውጥቷል። ነጭ ንግሥቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ የሷን ፈረስ መውጫ ዘግቷል፤ ፈረሱ በተፈጥሮ መውጣት የሚገባው ኤፍ3 ላይ ንግሥቲቱ ተቀምጣበታለች። ወጥመድ ሲከሽፍ ባለቤቱ ዕዳ አለበት የምለው ይህንን ነው። ተራ አባክኗል።

ነጭ ንግሥቲቱን ከማውጣቱ በፊት ጳጳሱን ወደ ሲ4 ካስቀደመስ? ያማ ይቀላል። ወዲያው ፈረስ ወደ ኤፍ6። ንግሥቲቱ ኤች5 ብትመጣ ፈረሱ ይበላታል።

ዳማ ያስለመደን ነገር

ብዙዎቻችን ቼዝ የጀመርነው ዳማ ከተጫወትን በኋላ ነው። ዳማ ደግሞ እኛ ጋ በቆርኪ የሚጫወት፣ ከቤት ደጅ እስከ ሱቅ በር ያለ ጨዋታ ነው። በዳማ መብላት ግዴታ ነው፤ የሚበላ እያለ አልበላም ማለት አይቻልም። የዳማ ወጥመድም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ አንድ ያስበላችሁና ሦስት ይበላችኋል። በቼዝ ግን መብላት ግዴታ አይደለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እጃችን ግን አያውቅም! ከኋላ የቆሙት ልጆች ደግሞ “ብላው! ብላው!” ሲሉ እጅ ከጭንቅላት ይቀድማል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አሁን እናንተ ነጭ ናችሁ። ወታደር ኢ4፣ ጥቁርም ኢ5። ፈረሳችሁ ወደ ኤፍ3፣ የሱ ፈረስ ወደ ሲ6። ጳጳሳችሁ ወደ ሲ4። ጥቁር ያንኑ ፈረሱን አንሥቶ ወደ ዲ4 ይወስደዋል። ኢ5 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ አጣ። ነጻ ምሳ! ፈረሳችሁ ወታደሩን ይበላዋል፤ ጥቁር ንግሥቱን ወደ ጂ5 ያወጣል፣ ፈረሳችሁንና ጂ2 ያለውን ወታደር በአንድ ጊዜ ትይዛለች። “እኔም ልያዝ” ብላችሁ ፈረሱን ወደ ኤፍ7 ስታስገቡና ንግሥትና ሩኩን ስትይዙ፣ የሱ ንግሥት ጂ2ን ትበላለች። ሩካችሁን ለማዳን ወደ ኤፍ1፤ ንግሥቲቱ ኢ4ን በልታ ቼክ። ጳጳሳችሁ ወደ ኢ2 ተመልሶ ይሸፍናል። ከዚያ ዲ4 ላይ ቆሞ የነበረው ፈረስ ወደ ኤፍ3 ይዘላል፤ ቼክ ሜት። ንጉሡ በራሱ ሠራዊት ታፍኖ ሞተ። ጳጳሱ ፈረሱን እንዳይበላው ከኢ2 መነሣት አይችልም፤ ከተነሣ ንጉሡ ለንግሥቲቱ ይጋለጣል።

ይህ ወጥመድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በነበረው እንግሊዛዊ ተጫዋች በብላክበርን ስም ይጠራል፤ “የሺሊንግ ወጥመድ” ይሉታል። በካፌ ውስጥ አላፊ አግዳሚውን በሺሊንግ እያስያዘ ያሸንፍበት ነበር ይባላል። እኛስ ጋ? ባንድ ጨዋታ አሥር ብር የሚያስይዝ ልጅ አላጋጠማችሁም? ምክሬን ልንገራችሁ፦ ብር አስይዝ የሚላችሁ ልጅ የሚያምነው በችሎታው ሳይሆን እናንተ በማታውቋት አንዲት ነገር ነው። መጀመሪያ ያለ ብር ሦስት ጨዋታ በሉት። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ለወጥመዱ መልሱ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። ዲ4 ላይ የመጣውን ፈረስ በፈረሳችሁ ብሉት። ወታደሩ መልሶ ይበላችኋል። ከዚያ ካስል አድርጋችሁ ንጉሣችሁን ደብቁ። የጥቁር ሠራዊት በሙሉ ገና ቤቱ ተኝቷል፤ የእናንተ ጳጳስ ወጥቷል፣ ንጉሣችሁም ተጠልሏል።

ብቻውን የጋለበ ፈረስ

እንጅባራ ላይ በብዛት የሚታየው ሦስተኛው ነው፤ ምናልባት የፈረስ አገር ስለሆነ ይሆናል! በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው የፈረሰኛ ኃይል አብሮ ሲጋልብ መሆኑን ያውቃል። በዚህኛው ወጥመድ ግን ነጭ አንድ ፈረስና አንድ ጳጳስ ብቻ ይዞ ነው የሚዘምተው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ጳጳስ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ6። አሁን ነጭ ፈረሱን ወደ ጂ5 ያዘልላል። ኤፍ7 ሁለት ጠላት መጣባት። ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ይገፋና የጳጳሱን መንገድ ይዘጋል፤ ነጭ ይህን ወታደር በወታደሩ ይበላዋል። እዚህ ጋ ሁሉም ጀማሪ በፈረሱ መልሶ ይበላል። ነጭ ደግሞ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሡን ጎትቶ ያወጣዋል፣ በንግሥቱ ኤፍ3 ላይ ቼክ ይላል፣ ዲ5 ያለውንም ፈረስ አብሮ ይይዛል። ንጉሡ ፈረሱን ልጠብቅ ካለ ወደ ኢ6፣ ወደ ሜዳው መሀል መውጣት ግድ ይሆንበታል። ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፖሌሪዮ የሚባል ጣሊያናዊ በዚህ መንገድ ተጫውቶበታል፤ ስለዚህ ቪዲዮው ላይ “አዲስ ሚስጥር” ሲሏችሁ ሳቁ።

መልሱ አሁንም አለመብላት ነው። በፈረስ ከመብላት ይልቅ ሲ6 ያለውን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዳችሁ ጳጳሱን አባርሩት። ጳጳሱ ወደ ቢ5 ሄዶ ቼክ ይላል፤ ወታደር ወደ ሲ6። ነጭ ይበላል፣ በቢ7 ወታደር ትበላላችሁ፣ ጳጳሱ እንደገና መሸሽ አለበት። አንድ ወታደር ጎድሏችኋል፤ በምትኩ እሱ ሲሸሽ እናንተ ሠራዊታችሁን ታወጣላችሁ። ይህ ሁሉ ይከብዳል የምትሉ ደግሞ በሦስተኛው ላይ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ከማውጣት ፈንታ ጳጳሳችሁን ወደ ሲ5 አውጡ። ያኔ ነጭ ፈረሱን ወደ ጂ5 ቢያዘልል የእናንተ ንግሥት ከዲ8 ተነሥታ ትበላዋለች፤ ኤፍ6 ላይ መንገዷን የሚዘጋ የለማ! ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ወረራ

የኛው የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ አጀማመሩ ከዓለም ሁሉ ይለያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ላይ ስለዚህ ጨዋታ ጽፈዋል። በቀይ ጨርቅ ላይ በተሠመረ ሰሌዳ ይጫወቱት ነበር። ፈርዝ የሚባለው፣ ዛሬ በንግሥት ቦታ ያለው ጠጠር፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ስለዚህ ባለ አራቷ ወጥመድ ያኔ አትታሰብም። የሚገርመው ግን አጀማመሩ ነው። ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ “ወረራ” ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል።

እንዲህ ባለ ጨዋታ የራሱን ጠጠር ብቻ እያየ እጁን የሚያሯሩጥ ሰው አለቀለት። ጎበዙ ተጫዋች የራሱን እያሰለፈ ዓይኑን ከባላጋራው እጅ ላይ አያነሣም፤ የሱ አሰላለፍ ሲለወጥ የራሱንም ይለውጣል። ዛሬ በተራ የምንጫወት ሰዎች ይህን ጊዜ በነጻ አግኝተነዋል፣ ግን አንጠቀምበትም።

እንዴት እንለማመድ?

ወጥመድን የሚፈራ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ከባለ ወጥመዱ መሸሽ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ሂዱና ያንኑ ወጥመድ አሥር ጊዜ ተጫወቱት። ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ወጥመድ ዘርጊ ነው፣ ሌላው ተከላካይ ነው፣ የሚመጣውን ሁለቱም ያውቃሉ። አምስት ጊዜ ከተጫወታችሁ በኋላ ቦታ ተቀያየሩ። ይህ መቀያየር ዋናው ነገር ነው። ወጥመዱን ራሳችሁ ስትዘረጉ፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት ንግሥታችሁን ይዛችሁ መሄጃ ስታጡ፣ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይለቃችኋል።

ከዚያ በኋላ ወጥመድ ዘርጊው አንድ እርምጃ ይቀይር። ጳጳሱን ያስቀድም፤ ወይም ንግሥቲቱን በኤች5 ፈንታ በኤፍ3 ያውጣት። መልሱን በቃሉ ብቻ ያጠና ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን ይቆማል። በተለይ “ጂ6 መቼ ያድናል፣ መቼ ያስበላል?” የሚለውን ለጓደኛችሁ በአፋችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም።

ጠጠር ከመንካታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ “ይሄ አሁን ምን ሊበላ ነው የመጣው?” በሉ። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ በኋላ በልብ ይሆናል። እጃችሁ አስቸጋሪ ከሆነ ከጭናችሁ ሥር አድርጉት፤ እየቀለድኩ አይደለም። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ምክንያቱም የት ላይ እንደተሸነፋችሁ ካልተጻፈ ነገ እዚያው ትሸነፋላችሁ። ሰዓት እየቆጠራችሁ አትጫወቱ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሴሚስተር። ስልክ ያላችሁ ሊቼስ የሚባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ያጫውታችኋል፤ ከፈለጋችሁት አቀማመጥ ላይ ተነሥታችሁ ከኮምፒውተር ጋር መለማመድም ትችላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካርቶንና ቆርኪ አለ።

አሥር ወጥመድ ለማጥናት አትሩጡ። ከላይ ያሉት ሦስቱ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃሉ። ሌላው ሁሉ ሲመጣ፣ መሀሉን በወታደር ያዙ፣ ፈረስና ጳጳስ አውጡ፣ ካስል አድርጉ። የወጣችን ንግሥት ለማባረር ብቻ ብላችሁ ወታደር አትግፉ፤ ስታባርሩ ጠጠር እያወጣችሁ ይሁን።

ዳንግላ ያለችው ተማሪ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ተለማመደች። በአራተኛው ቅዳሜ ያው ልጅ ፊት ተቀመጠች። እንደለመደው ንግሥቱን ኤች5 ላይ አመጣ። እሷ ረጅም ጊዜ ወሰደች፤ ከኋላ “ቶሎ በይ!” ተባለች፤ ዞራም አላየች። ፈረስ ሲ6፣ ከዚያ ጂ6፣ ከዚያ ፈረስ ኤፍ6። ልጁ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር፤ ቪዲዮው እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ጨዋታው ከሠላሳ እንቅስቃሴ በላይ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ሩኳን በስሕተት አስበልታ ተሸነፈች። “ድገመኝ” ያለችው ግን እሷ ነበረች። ልጁም እሺ ብሎ በዚያኛው ጨዋታ ንግሥቱን ቤት አስቀምጦ በፈረስ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከሷ ይልቅ ለሱ ነው ደስ ያለኝ፤ አንዲት ወጥመድ ላይ ተቀምጦ ሁለት ወር ሙሉ አንድም አዲስ ነገር አልተማረም ነበርና።

ለቅዳሜ የምትሠሩት

ባለ አራቷ ከሽፋለች። ነጭ ንግሥቱ ኤፍ3፣ ጳጳሱ ሲ4 ላይ ነው፤ ጥቁር ፈረሶቹ ሲ6 እና ኤፍ6 ላይ ናቸው፣ ጂ6ንም ገፍቷል። ነጭ ተስፋ አልቆረጠም፤ በአምስተኛው ንግሥቱን ወደ ቢ3 ወሰዳት። ከጳጳሱ ኋላ ተሰልፋ አሁንም ኤፍ7ን ታያለች። ጥቁር ናችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ሰሌዳው ላይ አስቀምጣችሁ ሞክሩት፤ መልሱ ከዚህ በታች ስላለ በእጃችሁ ሸፍኑት።

መልስ፦ ፈረስ ከሲ6 ወደ ዲ4፤ ንግሥቲቱን ያዘ። ነጭ በጳጳሱ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ ቢል፣ ንጉሡ ወደ ኢ7 ይሄዳል። ንግሥቲቱም ጳጳሱም ተይዘዋል። ንግሥቲቱ ጳጳሱን ለመጠበቅ ወደ ሲ4 ብትሄድ፣ ወታደር ወደ ቢ5።